ፊደል መዝሙር አይደለም!

እኔ የምለው፣ ልጆቻችን እየተማሩ ነው ወይስ እየዘመሩ? በየመዋዕለ ሕፃናቱ በር ላይ ቆማችሁ አድምጡ። «ሀ ሁ ሂ ሃ...» ጣራ ይሰነጥቃል። ወላጅ «ጎበዝ!» ብሎ የወር ክፍያውን ይከፍላል። ታዲያ «ቢ»ን ነጥላችሁ ጠይቁት እስቲ! ሕፃኑ ከ«በ» ጀምሮ እየዘመረ ይደርስበታል። ይሄ ዜማ እንጂ ንባብ አይደለም።

የቄስ ትምህርት ቤት እንኳ ከ«ሀሁ» ቀጥሎ «አ ቡ ጊ ዳ» ያስቆጥራል። ተራው ሲዘበራረቅ ልጁ በዜማ አያመልጥም። ዘመናዊ ነን ባዮች ግን ይህቺን ጣሏት!

ውጤቱንም አይተነዋል። በ2002 ዓ.ም. በበርካታ ክልሎች የተካሄደው የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ አንዲት ቃል ማንበብ እንዳልቻሉ አጋልጧል። ኧረ ማን ተጠየቀ?

መድኃኒቱ እኮ ገንዘብ አይጠይቅም። የልጁን የአፍ ቃል መያዝ ነው። በግ በምን ይጀምራል? በ«በ»! ቡና በ«ቡ»፣ ቢላዋ በ«ቢ»፣ ባቄላ በ«ባ»፣ ቤት በ«ቤ»፣ ብርቱካን በ«ብ»፣ ቦርሳ በ«ቦ»። መጀመሪያ ጆሮው ይለይ፤ ዓይኑ ይከተላል። አፉን በአማርኛ የፈታን ሕፃን ባቄላውን አስጥሎ «ኤ ፎር አፕል» ማስለፍለፍ ግን ንግድ እንጂ ትምህርት አይባልም!

የትምህርት ሹሞች ሆይ፣ መምህራኑን ይህን አሠልጥኗቸው። አንተም ወላጅ፣ ዛሬ ማታ ልጅህን «ሀሁ በልልኝ» አትበለው። ቁራሹን እያሳየህ «ዳቦ በምን ይጀምራል?» በለው። ዝም ካለ፣ የከፈልከው ለመዝሙር ነው!