የአባት ቮልስ፣ የልጅ ሞተር

ካዛንቺስ ያደገ ሰው የቮልስዋገንን ድምፅ ከሩቅ ይለየዋል። ከኋላ በኩል የሚወጣ፣ የልብስ ስፌት መኪና የሚመስል፣ ዳገት ሲይዝ ደግሞ ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ሽማግሌ የሚያጉረመርም ድምፅ ነው። ብዙዎቻችን ቮልስን የምናስታውሳት የአባታችን ወይም የአጎታችን መኪና ሆና ነው። ኋላ ወንበር ላይ ሦስት አራት ልጅ ተጠቅጥቆ ቂርቆስ ለንግሥ፣ ወይም ለፋሲካ አያት ቤት ይኬድባት ነበር።

ሰፈሩ ዛሬ ሌላ መልክ ይዟል። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ሰፊው የድሮ ካዛንቺስ ክፍል ፈርሶ ነዋሪው በየአቅጣጫው ሄዷል። በረንዳውንና የጓሮውን ዛፍ ጭኖ መሄድ አይቻልም። መኪና ግን ተነድቶ ይወጣል፤ ካልተነሳም ተጎትቶ ይወጣል። ስለዚህ በአንዳንድ ቤተሰብ ዘንድ ከድሮው ግቢ የተረፈው ትልቁ ንብረት ያቺው አሮጌ ቮልስ ናት። ጥያቄውም እዚህ ላይ ይመጣል፤ ትሸጥ ወይስ ሞተር ተቀይሮላት፣ ታድሳ፣ ለልጆች ትተላለፍ?

ጥያቄው የትዝታ ብቻ አይደለም፤ የኪስም ነው። በአዋጅ ቁጥር 1186/2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አሮጌ መኪኖችን ከውጭ ማስገባትን እስከ 500 በመቶ በሚደርስ ታክስ አክብዶታል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተወስኗል። በዚያው ዓመት ሐምሌ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የመለዋወጫ ዋጋ አብሮ ዘለለ። እጅ ላይ ያለችን መኪና በአቅም አሻሽሎ መያዝ ከመቼውም በላይ ትርጉም ያገኘው ለዚህ ነው።

«ቮልስ ደግሞ ምን ስፖርት መኪና ናት?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። የዓለማችን ዝነኛ የስፖርት መኪና ቤተሰብ ግን የተወለደው ከእሷ ነው። ፖርሼ 356 እ.ኤ.አ. በ1948 ኦስትሪያ ውስጥ ግሙንድ በተባለች ትንሽ ከተማ መሠራት ሲጀምር ሞተሩም፣ እገዳውም፣ ፍሬኑም ከቮልስ የተወሰደ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1955 እስከ 1974 የተመረተችው ቆንጆዋ ካርማን ጊያም ከስር ስትታይ ቮልስ ናት። የዋናዋ ቮልስ ምርት ሜክሲኮ ውስጥ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2003 ሲያበቃ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርተው ነበር። መለዋወጫዋ እስካሁን የሚገኘውም በዚህ ብዛቷ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ሞተሩ እንግባ። ከድሮዎቹ ብዙዎቹ 1200 በሚባለው፣ 34 የፈረስ ጉልበት ባለው ሞተር ይሄዳሉ። ቁጥሩ በባሕር ጠለል ላይ የተለካ ነው። አዲስ አበባ ግን 2,355 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ሞተር የሚቃጠልለት አየር ባነሰ ቁጥር ጉልበቱም ያንሳል። እናም የእኛዋ 1200 ቮልስ እዚህ የምታወጣው ወደ 26 የፈረስ ጉልበት ነው። አራት ሰው ጭና ወደ ሽሮሜዳ ስትወጣ በሁለተኛ ማርሽ የምታቃስተው ባለቤቷ ስላልያዛት ብቻ አይደለም።

ርካሹና የተሻለው መፍትሔ ከራሷ ቤተሰብ ያለውን 1600 ሞተር መግጠም ነው። ይህ 50 የፈረስ ጉልበት ያለው ሲሆን በእኛ ከፍታ ወደ 38 ይወርዳል። ይህም ማለት አዲስ አበባ ላይ 1600 የገጠመ ሰው ምጽዋ ላይ 1200 ከሚነዳው ጥቂት ብቻ ይበልጣል። ቅንጦት ሳይሆን መኪናዋ ስትሠራ የታሰበላትን ጉልበት መመለስ ነው ማለት ይቻላል። ሞተሩ ከካምቢዮው ጋር የሚያያዘው በአራት ብሎን በመሆኑ ልምድ ያለው መካኒክ በአንድ ሰዓት ውስጥ ያወርደዋል። በኮምቢው ላይ የነበረው 1600 ሞተርም የዚሁ ዘር ስለሆነ ሶማሌ ተራ ሲፈልጉ «የቮልስ» ብቻ ሳይሆን «የኮምቢ» ብለውም ይጠይቁ።

ጥቂት ወጥመዶች ግን አሉ። መኪናዎ በ6 ቮልት የምትሠራ የድሮ ሞዴል ከሆነች የበራሪ ጎማው ጥርስ 109 ነው፤ የ12 ቮልቱ ደግሞ 130 ጥርስ ያለውና ሰፋ ያለ ነው። ስለዚህ 1600ው ሲገጠም የካምቢዮው ቤት ውስጡ ትንሽ መሞረድ፣ ሞተር ማስነሻውና የፍሪሲዮን ሸራው መለወጥ ሊኖርበት ይችላል። ይህን ዋጋ ሲነጋገሩ ካላነሱት ሥራው ከተጀመረ በኋላ «ይህም ያስፈልጋል» እየተባለ ይመጣል።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። ቮልስ ውኃ የላትም፤ የምትቀዘቅዘው በማራገቢያ በሚነፋ አየር ነው። በድሮዎቹ ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው ለሦስተኛው ሲሊንደር የሚሄደውን አየር ስለሚጋርድ ያ ሲሊንደር ከሌሎቹ ቀድሞ ይጎዳ ነበር። ከ1971 እ.ኤ.አ. ሞዴል ጀምሮ ማቀዝቀዣው ከመንገዱ ወጣ ተደርጓል። ምርጫ ካለዎት የዚያን ዘመን ሞተር ከነሙሉ የላሜራ ሽፋኑ ይውሰዱ። «ይህ ላሜራ አያስፈልግም» ብሎ የሚጥል ሰው ካጋጠመዎት ሌላ መካኒክ ይፈልጉ፤ እያንዳንዱ ሽፋን የአየር መንገድ ነው።

ሦስተኛው ካርቡራቶር ነው። ለባሕር ጠለል የተስተካከለ ካርቡራቶር በስስ አየር ቤንዚን ያበዛል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ማርሚታው ያጨሳል፣ ወር ሳይሞላ ኪስ ይራቆታል። ውስጡ ያለችውን ቤንዚን የምታሳልፍ ባለቀዳዳ ብሎን በአንድ ሁለት ቁጥር ጠበብ ባለች መለወጥ ነው መድኃኒቱ። ከሁሉም ማሻሻያ ርካሹ ይኸው ነው።

ያገለገለ ሞተር ሲገዙ ደግሞ ሁለት ነገር ያስደርጉ። አንደኛ፣ የአራቱም ሲሊንደሮች ግፊት ይለካ፤ ተቀራራቢ መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ ከኋላ ያለውን የቺንጋ ፑሊ በእጅ ይዘው ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ይግፉት። ጠቅ ጠቅ የሚል መላወስ ከተሰማዎት አመስግነው ይሂዱ። ቀለም የተቀባ ሞተር የታደሰ ሞተር አይደለም። ይህን የምለው ሥራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነም ጭምር ነው፤ ማሸጊያ ምን ያህል እንደሚሸጥ አውቃለሁ።

ከቶዮታ ወይም ከሱባሩ ሞተር አውጥቶ መግጠምስ? በውጭው ዓለም የሱባሩ ሞተር እንደ ቮልሱ ተጋድሞ የሚሠራ በመሆኑ ይመረጣል። ነገር ግን የውኃ ማቀዝቀዣና ቱቦ፣ በቶርኖ የሚሠራ ማገናኛ፣ አዲስ የኤሌክትሪክ መስመር ይጠይቃል። ጉልበቱም የድሮው ፍሬን ከሚችለው በላይ ይሆናል። በልክ ገንዘብ የተጀመረ እንዲህ ያለ ሥራ ብዙ ጊዜ የሚያልቀው ግማሽ ላይ፣ ጋራዥ ጥግ፣ ሸራ ለብሶ ነው።

የማውቃቸው አንድ ቤተሰብ ከካዛንቺስ ሲነሱ ይህን ጉዳይ ሳሎን ተቀምጠው ተወያይተዋል። ታላቋ ልጅ ባንክ ትሠራለች፤ መሸጥ ይሻላል ባይ ነበረች። ታናሹ ሞተሩን አሳድገን እንያዛት አለ። አባትየው ሲያዳምጡ ቆዩ። «አባዬ፣ አንተስ ምን ትላለህ?» ስትላቸው፣ «ሞተር ይቀየራል ልጄ። ግን እኔ በዚህች መኪና ሦስታችሁንም ከሆስፒታል ነው ያመጣኋችሁ፤ ስትሮጥ ሳይሆን ስትቆም ነበር የማምናት። መጀመሪያ ፍሬኗን አሠሩ» አሉ። ክርክሩ እዚያ ላይ አበቃ።

በጀት የሚሠራውም በዚሁ ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ የሚያቆማት፣ ቀጥሎ የማያቃጥላት፣ ከዚያ የሚያስኬዳት፣ በመጨረሻ የሚያሳምራት።

የሚያቆማት ፍሬንና ጎማ ነው። የፍሬን ዘይት ቱቦዎች፣ የጎማ ፓምፖችና ሸራዎች በሙሉ ይለወጡ። 1600 የሚገጥሙ ከሆነ የፊት ዲስክ ፍሬን ከካርማን ጊያ ወይም ከ1500ዋ ቮልስ ሊገኝ ይችላል። ልጆች የሚጫኑ ከሆነ ቀበቶ ይግጠሙ፤ ግን በስስ ላሜራ ላይ ሳይሆን ከስር በወፍራም ብረት ተደግፎ ይታሰር።

የማያቃጥላት የቤንዚን ቱቦና የኤሌክትሪክ መስመር ነው። ያረጀ የቤንዚን ቱቦ ትኩስ ሞተር ላይ ሲያንጠባጥብ መዘዙ ይታወቃል፤ ቱቦው ደግሞ ርካሽ ነው። ሌላው ብዙ ሰው የማያስተውለው የባትሪው ቦታ ነው። የቮልስ ባትሪ የሚቀመጠው ከኋላ ወንበር ስር ነው። ክዳኑ ከጠፋ ወንበሩ ላይ ሰው ሲቀመጥ የወንበሩ ሽቦ የባትሪውን ጫፎች ሊነካና እሳት ሊያስነሳ ይችላል። እዚያ የሚቀመጡት ደግሞ ልጆቻችን ናቸው። ዛሬውኑ ወንበሩን አንስተው ይመልከቱ። ወለሉ በባትሪ አሲድ ተበልቶ ከሆነም በስቱኮ ሳይሆን በአዲስ ላሜራ ይበየድ።

ሞተሩ ሦስተኛ ነው፤ ቀለምና ቸርኬ መጨረሻ። ብዙ ሰው ግን ከቀለም ይጀምራል፤ ጎረቤት የሚያየው እሱን ነውና። ገንዘቡ ካልበቃ ሥራውን በየሦስት ወሩ ከፋፍሎ መሥራት ነውር የለውም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ከመካኒኩ ጋር የሚደረገው ስምምነት በጽሑፍ ይሁን፤ ክፍያውም ሥራው በደረሰበት ደረጃ ልክ ይከፈል። የወረዱትን አሮጌ ዕቃዎች ተረክበው ይሂዱ።

ወረቀቱን አይርሱ። የሞተር ቁጥር በሊብሬው ላይ የሰፈረ ነው። ሕጋዊ የግዥ ሰነድ የሌለውን ሞተር፣ ዋጋው ምንም ቢያጓጓ፣ አይግዙ። ለውጡን ለሚመለከተው የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት አቅርበው ያስመዝግቡ። አለበለዚያ በዓመታዊው የቦሎ ምርመራም ሆነ ነገ ስትሸጥ ጥያቄ ያስነሳል። ነባሩንም ሞተር አይሽጡት፤ ዘይት ቀብተው፣ ጠቅልለው ያስቀምጡት። የክላሲክ መኪና ዋጋ ከነባር ዕቃዋ ጋር የተያያዘ ነው፤ ወደ ቀድሞው መመለስ የሚቻል ማሻሻያ ዋጋ አይቀንስም። ወደ ኋላ የማይመለስ ግን ጣሪያ መቁረጥና ሻንሲ መንካት ነው።

«ለምን ወደ ኤሌክትሪክ አንቀይራትም?» የሚሉም አሉ። ይቻላል። ቮልስዋገን ራሱ እ.ኤ.አ. በ2019 ከአንድ የጀርመን ኩባንያ ጋር ሆኖ አንዲት አሮጌ ቮልስ 36.8 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ አስገጥሞ፣ በአንድ ሙሌት 200 ኪሎ ሜትር ያህል እንድትሄድ አድርጎ አሳይቷል። ነገር ግን ባትሪው ክብደቷን ወደ 1,280 ኪሎ አድርሶታል፤ ፍሬኗና እገዳዋም መጠናከር ነበረበት። የባትሪ ዋጋ እስኪወርድ ድረስ በልክ ገንዘብ ለሚሠራ ቤተሰብ 1600ው ይበልጣል። አማራጩ ግን የሚርቅ አይመስለኝም።

ሞተሩ ከተገጠመ በኋላም እንክብካቤው ቀላል ነው። ዘይቷ ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ናት፤ እንደ ዘመኑ መኪና የዘይት ማጣሪያ ሳይሆን ወንፊት ብቻ ስላላት ቶሎ ቶሎ ይቀየር። የቫልቭ ክፍተቱ ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ 0.15 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ይታይ። ቺንጋው ከተበጠሰ ዲናሞው ብቻ ሳይሆን ማራገቢያውም ይቆማልና እዚያው ያጥፏት፤ «እስከ ቤት ትድረስ» ማለት ሞተር መግደል ነው።

ይህን ሁሉ ልጆች እያዩ፣ ቁልፍ እያቀበሉ ቢማሩት ደግሞ ሌላ ትርፍ አለው። ካዛንቺስ የሚለው ስም ራሱ በጣሊያን ወረራ ዘመን «ኢንቺስ» የተባለው ድርጅት ለመንግሥት ሠራተኞች ከሠራቸው ቤቶች ስም የመጣ ነው። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ላሜራ የሚሉትም ከጣሊያንኛ መጥተው በጋራዦቻችን አማርኛ ሆነዋል። መካኒኮቻችን ቃሉንም ዕቃውንም ተቀብለው ለእኛ መንገድ፣ ለእኛ ዳገት እንዲሆን አድርገው ገጥመውታል። ጋራዦቹ ከሰፈሩ ጋር ሲበተኑ ያ እጅ የሚተርፈው ሥራ ካገኘና አጠገቡ ቆሞ የሚያይ ልጅ ካለ ነው።

እንግዲህ ቤትዎ ቮልስ ካለች በሚቀጥለው ቅዳሜ ሸራዋን ገለጥ ያድርጉ። ሞተሩን ከማየትዎ በፊት ግን የኋላ ወንበሩን ያንሱ።