መርፌው የታዛዦች ሽልማት አይደለም

በኑዛዜ የሰማሁትን በዚህ ገጽ አላነሣም። በሰው ቤት ተቀጥራ የምትኖር እኅት ምን ያህል የራሷ የሆነ ቦታ እንዳላት ግን ማንም ሳይነግረን ሁላችንም እናውቃለን። ሻንጣዋ ይፈተሻል፤ መኝታዋ ከሕፃናቱ ጋር ወይም በማእድ ቤቱ ጥግ ነው። እንዲህ ያለች ሴት ኤች አይ ቪ በደሟ ቢኖር የየዕለቱን ክኒን የት ታስቀምጠዋለች? ብልቃጡ ሲነካ ይንኳኳል። ስለዚህ ክኒኑን በጨርቅ ትቋጥራለች፣ በሩዝ መካከል ትቀብራለች፤ ማዳም ከማእድ ቤቱ ሳትወጣ በዋለችበት ቀን ደግሞ ሳትውጠው ታድራለች። ሐኪሙም በመዝገቡ ላይ «መድኃኒቷን በአግባቡ አትወስድም» ብሎ ይጽፋል።

ጠቤ ከዚህች አጭር ዐረፍተ ነገር ጋር ነው።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የየዕለቱን ክኒን የሚተካ መርፌ ተገኝቷል። ካቦቴግራቪርና ሪልፒቪሪን የተባሉ ሁለት መድኃኒቶች በመቀመጫ ጡንቻ ይወጋሉ፤ ከመጀመሪያው ወር በኋላ በየሁለት ወሩ ይደገማሉ። የሚደበቅ ብልቃጥ የለም። (በዓመት ሁለት ጊዜ ስለሚወጋው ሌናካፓቪር ሰምታችሁ ይሆናል፤ ያ በሰፊው የተወራለት ለመከላከያነቱ ነው። የዛሬው ነገሬ ግን ስለ ሕክምና ነው።)

አሜሪካ ይህን መርፌ በጥር 2021 እ.ኤ.አ. ስትፈቅድ አንድ ቅድመ ሁኔታ አኖረች፦ ታካሚው አስቀድሞ በክኒን ቫይረሱን የገታ ይሁን። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2025 መርፌውን ሲደግፍ ይህንኑ ሁኔታ ጠብቋል። እስቲ አስተውሉት። ክኒን መዋጥ የተሳነው ሰው መርፌውን ለማግኘት በመጀመሪያ ክኒን መዋጥ እንደሚችል ያስመስክር ማለት ነው። ለአንካሳ ምርኩዝ ከመስጠት በፊት «እስቲ ሩጥና አሳየን» እንደ ማለት ነው።

ሐኪሞቹ ያለ ምክንያት እንዳልፈሩ አውቃለሁ። መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ እየሳሳ ለብዙ ወራት ይቆያል። ታካሚው ከቀጠሮው ቢጠፋ፣ ቫይረሱ ከዚያ ከሳሳው መድኃኒት ጋር ይላመዳል፤ የተላመደ ቫይረስ ደግሞ በሌላ መድኃኒትም ለመግታት ያስቸግራል። ይህን ፍርሃት አከብራለሁ። ነገር ግን ፍርሃቱን በተግባር የፈተኑት ሰዎች አሉ፤ በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ሆስፒታል የሚገኘው ዋርድ 86 የተባለው ክሊኒክ ሐኪሞች። እነርሱ ከ2021 ጀምሮ መርፌውን ቤት ለሌላቸው፣ በሱስ ለተያዙ፣ ክኒን መውሰድ ላቃታቸው ድኾች ጭምር ሰጡ። በ2023 ባወጡት ዘገባ ሕክምናውን ሲጀምሩ ቫይረሱ ያልተገታላቸው ታካሚዎች 57 ነበሩ፤ ከእነርሱ በ54ቱ ላይ ቫይረሱ ተገታ። በሁለቱ ላይ ሕክምናው አልሠራም፤ ይህንም አልሸሸጉም። ምሥጢሩ በመድኃኒቱ ብቻ አልነበረም። የቀጠሮ ቀን ሲደርስ የሚደውል ሰው ነበር፤ ያልመጣውን ባለበት የሚፈልግ ነርስ ነበር። በየካቲት 2024 ደግሞ ላቲቱድ የተባለው ጥናት ተቆጣጣሪዎች፣ ክኒን አዘውትረው መውሰድ ካቃታቸው ሰዎች መካከል መርፌው ከክኒን በልጦ ስለተገኘ፣ ታካሚዎችን በዕጣ ለሁለት መክፈሉ እንዲቆም መከሩ።

እኛ አፍሪካውያን ይህን ክርክር ከዚህ በፊትም ሰምተነዋል። በ2001 እ.ኤ.አ. ክኒኑ ለአፍሪካ ይቅረብ ሲባል፣ የአሜሪካ የልማት ተራድኦ ድርጅት ኃላፊ የነበሩት አንድሩ ናጽዮስ አፍሪካውያን የምዕራባውያንን ሰዓት ስለማያውቁ መድኃኒቱን በሰዓቱ ሊወስዱ አይችሉም የሚል ሐሳብ ሰነዘሩ። (እኛ በእርግጥ ሰዓት የምንቆጥረው ከንጋት ነው፤ ግን እንቆጥራለን።) በ2006 የታተመ የጥናቶች ግምገማ መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስዱትን ሲመዝን በአፍሪካ ከመቶ 77፣ በሰሜን አሜሪካ ከመቶ 55 ሆነው ተገኙ። በአገራችን መድኃኒቱ በነጻ መታደል የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። «አይችሉም» ተብሎ በተጠበቀባቸው ዓመታት የቀበርናቸውን ግን ማን ይመልስልናል?

መርፌው ሁሉን ይፈታል አልልም። ሪልፒቪሪን ማቀዝቀዣ ይፈልጋል፤ የሚወጋ ባለሙያም ያስፈልጋል። የዕረፍት ቀን የተነፈገች ሴት በየሁለት ወሩ እንዴት አድርጋ ትወጣለች? ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ሕጉ ነው። የባሕረ ሰላጤው አገሮች የውጭ ሠራተኛን ለኤች አይ ቪ ይመረምራሉ፤ ቫይረሱ የተገኘባትንም ይመልሳሉ። ለእርሷ የሚታዘዝላት መድኃኒት የአውሮፕላን ትኬት ነው። እንግዲህ የምትመረመረው እንድትድን ካልሆነ፣ ያንን ምርመራ ሕክምና ብለን ልንጠራው አንችልም።

በ2025 ርካሽ ቅጂ ማምረትን የሚፈቅደው ስምምነት ካቦቴግራቪርን ለሕክምናም እንዲጨምር ሰፍቷል። ስለዚህ ነገሩ የሩቅ ሰዎች ነገር ብቻ ሆኖ አይቀርም። መርፌው ለሕክምና በአገራችን በተዳረሰ ጊዜ ተራ የሚያወጡት ሰዎች በዝርዝሩ ራስ ላይ የሚጽፉት ማንን ነው? ቦሌ ላይ በአንድ ሻንጣ የወረደችውን፣ በካርዷ ላይ «አቋርጣለች» የሚል የተጻፈባትን ይጻፉ እላለሁ። ክኒኑን ሳያጓድል የወሰደው ወንድማችንም መርፌውን ቢመርጥ መብቱ ነው፤ እርሱ ግን እስከዚያው የሚውጠው ክኒን አለው።

ደግሞም ማዳምን ብቻ አንክሰስ። ብልቃጡን የምትደብቀው ከእኛም ነው፤ አብራን ከቆረበች በኋላ ቡና ስንጠጣ ስለ ክብደቷ መቀነስ ከምንንሾካሾከው ከእኛ። አንዲት እኅት በየሁለት ወሩ «ለሁለት ሰዓት ተኪኝ» ብትላችሁ፣ ተኳት፤ ወዴት እንደምትሄድም አትጠይቋት።