ፌስታል ላይ ስም የሚያትሙትስ?

ስለ ፌስታል እገዳ ሲወራ የሚነሳው ወይ ፋብሪካው ነው ወይ ሸማቹ። መሀል ላይ ያለው አታሚ ተረስቷል። የጫማ ቤት፣ የቡቲክ፣ የፋርማሲ ስምና ስልክ ፌስታል ላይ እያተመ የሚያድር ሰው አለ። ለትንሽ ሱቅ ደግሞ ከዚህ የረከሰ ማስታወቂያ የለም፤ ደንበኛው ራሱ ይዞለት ይዞራል።

በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ግን ፌስታል ይዞ የተገኘን ሰው ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ያስቀጣል። ደንበኛውን የሚያስቀጣ ፌስታል ላይ ስሙን የሚያሳትም ነጋዴ አይኖርም። ትዕዛዙ ይቆማል።

እገዳው ልክ ነው። ስስ ፌስታልን የከለከለው አዋጅ ቁጥር 513/1999 ወረቀት ላይ ቀርቶ፣ ቦዩ ሁሉ በፌስታል ተደፍኗል።

ጥያቄው አታሚው ወዴት ይሂድ ነው። ቀድሞ የሚታየው ያ ጨርቅ መሳዩ ቦርሳ ነው። ኬንያም እ.ኤ.አ. በ2017 ፌስታልን ስታግድ ገበያው ወደዚሁ ቦርሳ ዞሮ ነበር። ጨርቅ ይምሰል እንጂ እሱም ፕላስቲክ ነው፤ ጥራቱ እየወረደ ሄዶ በ2019 እሱም ታገደ። እዚህም የትኛው ቦርሳ፣ በምን ውፍረት እንደሚፈቀድ መመሪያው በግልጽ ይናገር፤ ያውም ሰው ተበድሮ አዲስ ማሽን ከመግዛቱ በፊት።