የሕግ ተማሪ ራፖር ጸሐፊ ሲቀጥር



በፍርድ ቤት ደጃፍ ጥላ ዘርግቶ የሚቀመጠውን ራፖር ጸሐፊ የማያውቅ በመካከላችን የለም። ባለጉዳዩ ቀርቦ በደሉን ይናገራል፤ እሱም «መቼ ነበር? ማን አየ? በእጅህ ምን ወረቀት አለ?» እያለ ጠይቆ ይጽፍለታል። ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ ከፍሎ ቢያስጽፍ የሚነቅፈው የለም። ዳሩ ግን አምስት ዓመት ሕግ ተምሮ፣ ነገ የሌላውን አቤቱታ እጽፋለሁ የሚል ሰው የራሱን የሥራ ማመልከቻ በሌላ ሲያስጽፍ ምን እንበለው? ያውም «ምን ወረቀት አለህ?» ብሎ በማይጠይቅ ጸሐፊ!

ነገራችን ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። ከሱሉልታ በየቀኑ እንጦጦን እየተሻገርን የምንመላለስ የሕግ ተማሪዎች ለዐቃቤ ሕግነት፣ ለነገረ ፈጅነትና ለጥብቅና ቢሮ ረዳትነት የጻፍናቸውን ማመልከቻዎች ጎን ለጎን አስቀምጠን አነበብን። ሁሉም «ለፍትሕ ጥልቅ ፍቅር ያለኝ፣ በቡድን የመሥራት ችሎታ ያዳበርኩ» ይላሉ። ስሙን ብንለዋውጠው ባለቤቱ እንኳ አይለየውም። ከመቶ አመልካች አንዱን የሚመርጥ ሹም ከዚህ ውስጥ ማንን ይምረጥ?

መሣሪያውን አውግዘን እንቀመጥ ማለታችን አይደለም። እንዲያውም ይህን የሚሉትን እንጠረጥራቸዋለን። አባቱ ጠበቃ፣ አጎቱ ዳኛ የሆነ የከተማ ልጅ ማመልከቻውን የሚያርምለት፣ ለቃለ መጠይቅ የሚያለማምደው ሰው ከቤቱ አያጣም። የሱሉልታ ገበሬ ልጅ ማን አለው? እሱ ማታ በስልኩ «ቀጣሪ ሁንና አፋጥጠኝ» ብሎ ቢለማመድ፣ ራሱ የጻፈውን እንግሊዝኛ ቢያሳርም፣ የማስታወቂያውን ድፍን ቃል ቢያስፈታ፣ ደግ አደረገ እንላለን። የምንቃወመው ተማሪው ጠያቂ መሆኑን ትቶ ገልባጭ ሲሆን ነው።

መገልበጡ ደግሞ በማሳፈር ብቻ አይቀርም። በሰኔ 2015 ዓ.ም. በኒው ዮርክ የፌዴራል ፍርድ ቤት ሁለት ጠበቆችና ቢሯቸው አምስት ሺህ ዶላር ተቀጥተዋል። ከጠበቆቹ አንዱ ቻት ጂፒቲ የነገረውን ፍርድ ሁሉ በጽሑፉ ጠቅሶ ኖሯል፤ ፍርዶቹ ግን ከቶ ያልተሰጡ፣ ያልነበሩ ነበሩ። ቀጣሪ የጽሑፍ ናሙና አምጡ ሲለን ይኸው ወጥመድ በፊታችን ተዘርግቷል። የእኛ የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1952 ዓ.ም. የወጣ ነው፤ ቁጥር 1723 የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በአዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ ያዝዛል። የሰበር ችሎት የሚሰጠው ትርጉም ደግሞ ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ የበታች ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል። መሣሪያው ግን የአሜሪካን ሕግ ከእኛው ጋር አዋሕዶ፣ ቁጥር ፈጥሮ፣ በሙሉ ልብ ሲናገር አይተነዋል። በሽማግሌ ፊት በተጻፈ ወረቀት ቤት የገዛ የሱሉልታ ሰው ነገ ወደ እኛ ሲመጣ ከየት የመጣ ሕግ ልንነግረው ነው? ሕጉንም የሰበሩንም ውሳኔ ገልጦ ሳያነብ ቁጥር የሚጠቅስ ሰው ለሥራው አልደረሰም።

ቋንቋም አለ። በ2015 ዓ.ም. ወደ ሸገር ከተማ የተጠቃለለችው ሱሉልታ ፍርድ ቤቷ የሚሠራው በአፋን ኦሮሞ ነው፤ የፌዴራሉ በአማርኛ ነው። መሣሪያው ግን የሚሰላው በእንግሊዝኛ ነው። በእኛ ቋንቋዎች ሲጽፍ ይግባኝንና ሰበርን አንድ ሊያደርጋቸው ይችላል። ታዲያ በእንግሊዝኛ አምሮ ተጽፎ የተላከ ማመልከቻ ለቃለ መጠይቅ ያስጠራ ይሆናል፤ ክስ በአፋን ኦሮሞ ጻፍ ሲባል ብዕር የሚይዘው ግን ባለቤቱ ነው።

ከሁሉ የከፋውን ሳንናገር አናልፍም። በነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከልና በተግባር ልምምድ የሰው መዝገብ በእጃችን ይገባል። የተፋታች ሴት፣ ውርስ የተከለከለ ልጅ፣ ስማቸውን ከነበደላቸው ነግረውናል። «በልምምድ ያገኘሁትን አሳምረህ ጻፍልኝ» ብሎ ያን መዝገብ እንዳለ ወደ ባዕድ ድርጅት ማሽን ማስገባት ምን ይባላል? በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ባይኖር እንኳ፣ አምኖ የነገረንን ሰው ምስጢር አሳልፈን ሰጥተናል።

መምህራኖቻችንንም እንወቅሳለን። አንዳንዱ በክፍል ውስጥ «ይህን ማሽን የነካ ወዮለት» ይላል፤ የፈተና ጥያቄውን ግን ከዚያው ያወጣል የሚል ሐሜት አለ፤ ሐሜቱን አናጸድቅም፤ ግን ዝምታው ሐሜት ይወልዳል። ምን እንደሚፈቀድ ምን እንደሚከለከል በጽሑፍ ይነገረን።

የተማሪዎች ማኅበርም ከመፈክር ይውጣ። የመመረቂያው ወር ሳይደርስ ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ክፍል ያስከፍትልን፤ የሕግ መጻሕፍቱና የሰበር ቅጾቹ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጡ፤ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም የሚያርሙ ከፍተኛ ተማሪዎች ይመደቡ። የሚመጣ ሰው ማመልከቻውን በእጁ ጽፎ ይምጣ። ማሽኑን የጠየቀም ካለ ምን ብሎ እንደጠየቀው አብሮ ያምጣልን፤ እሱንም እናነባለን።