ጠፍሩን ፍቱት!

«ሮዲዮ የከብት አርቢዎች ባህል ነው» ይሉናል። እኔ ግን አልቀበለውም። አርቢ ጥጃውን በገመድ የሚይዘው ሊያክመው ወይም ምልክት ሊያደርግበት ነው፤ አንገቱን አንቆ መሬት ላይ ቢደፋው የሚከስረው ራሱ ነው። በካናዳዋ ካልጋሪ በ1912 (እ.ኤ.አ.) በተጀመረው «ስታምፒድ» ግን ጥጃው ተጠልፎ ሦስት እግሩ የሚታሰረው ለሰከንድ ፉክክር ነው። እዚያው በ2019 በተደረገው የሠረገላ እሽቅድምድም 6 ፈረሶች አልቀዋል።

«አልገራ ያለ» የሚባለው ፈረስስ? ሽንጡ ላይ ጠፍር ታስሮበት እኮ ነው የሚፈናጠረው! ተመልካቹ (በካውቦይ ፊልም ያደግነውም ጭምር) ጀግንነት ይመስለዋል። እንግሊዝ በ1934 ባወጣችው ሕግ ይህን ከለከለች። የካናዳዋ ቫንኩቨርም በ2006 ተከተለች። የካልጋሪ አዘጋጆች ዛሬም ትኬት ይሸጣሉ። እስቲ አንድ ቀን ያለ ጠፍር ያሳዩና ስንት ሰው እንደሚገባ እንይ!