ቤት ለመግዛት ስናስብ ዕቁቡም ይቆጠር

በዋሽንግተን፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ በምንኖር ኢትዮጵያውያን ዘንድ ቤት ሊገዛ ላሰበ ሰው ቀድሞ የሚደርሰው ምክር «መጀመሪያ ዕዳህን ጨርስ» የሚል ነው። ምክሩ የቅንነት ነው፤ ባለዕዳ እንቅልፍ የለውም ሲባል ሰምተን አድገናል። ለቤት ብድር ሲሆን ግን ጎደሎ ነው። የትኛው ዕዳ ይቅደም ለሚለው መልስ የለውም። ከዚያ የሚብሰው ደግሞ በክሬዲት ሪፖርት ላይ የማይታየውን ዕዳ፣ ማለትም ዕቁቡን፣ ጨርሶ መርሳቱ ነው።

አበዳሪ ስለ ዕዳ ሲጠይቅ ዋናው ጭንቀቱ በየወሩ ከገቢ ላይ ምን ያህል ይነሳል የሚለው ነው። ታክስ ያልተቆረጠለትን የወር ገቢ በአንድ በኩል ያስቀምጣል። በሌላው በኩል የመኪናውን ክፍያ፣ የተማሪ ብድሩን፣ የክሬዲት ካርዱን ዝቅተኛ ክፍያና ሊገዛ የታሰበውን ቤት ወጪ ከነንብረት ግብሩና ኢንሹራንሱ ይደምራል። ድምሩ ከገቢው 43 በመቶ፣ እንደ ብድሩ ዓይነትና እንደ አመልካቹ አቅም እስከ 50 በመቶ ገደማ ሲደርስ ነገሩ ይከብዳል።

በወር 8,000 ዶላር የሚያስገባ ቤተሰብ እንውሰድ። 24,000 ዶላር የተማሪ ብድር አለበት፤ በወር 260 ይከፍላል። የመኪና ብድሩ 6,000 ቀርቶታል፤ በወር 500 ይከፍላል። ከቅድመ ክፍያው ውጭ የተረፈው 6,000 ዶላር ነው። «ትልቁን ልቀንስ» ብሎ ለተማሪ ብድሩ ቢከፍል፣ ወርኃዊ ክፍያው ብዙ ጊዜ ባለበት ስለሚቆይ አበዳሪው ፊት የሚለወጥ ነገር የለም። መኪናውን ቢዘጋ ግን በወር 500 ዶላር ይለቀቅለታል። ይህ ገንዘብ በ6.5 በመቶ ወለድ ለ30 ዓመት ሲሰላ ወደ 79,000 ዶላር ተጨማሪ ያስበድራል። የ30 ዓመት ብድር አማካይ ወለድ 2.65 በመቶ በነበረበት በጥር 2021 ያው 500 ዶላር ወደ 124,000 ይሸከም ነበር። ወለድ ርካሽ በነበረ ጊዜ የተሳሳተ ቅደም ተከተል ይታለፍ ነበር፤ ዛሬ ግን ቤቱን ያሳጣል።

ሌሎቹን ዕዳዎች በአጭሩ እንለፋቸው። ክሬዲት ካርድ ይከፈል እንጂ አይዘጋ፤ ሲዘጋ ያለን የብድር ጣሪያ ስለሚያንስ የክሬዲት ነጥባችን ሊወርድ ይችላል። ክፍያው ተቋርጦ የተበላሸ የፌደራል የተማሪ ብድር ግን ከሁሉ ይቀድማል። መንግሥት ቆመው የነበሩትን የማስከፈያ እርምጃዎች በግንቦት 2025 እንደገና ጀምሮ ነበር፤ ይህ ጉዳይ ሳይስተካከል ደግሞ መንግሥት ዋስ የሚሆንበት የኤፍ ኤች ኤ ብድር አይገኝም። ታክሲና ኡበር ለሚነዱ ወገኖቻችን ችግሩ ከገቢው በኩል ይመጣል። አበዳሪው በአብዛኛው የሁለት ዓመት የታክስ ሰነድ አይቶ የሚይዘው ወጪ ተቀናንሶ የተረፈውን ነው። ለታክስ ድሃ፣ ለሎን ኦፊሰር ሀብታም ሆኖ መቅረብ አይቻልም።

አሁን ወደ ዕቁቡ እንምጣ። ብዙዎቻችን ቅድመ ክፍያውን የምናገኘው ከዚያ ነው፤ ስናመለክት ግን እንደብቀዋለን። በባንክ ሒሳባችን ላይ በአንድ ቀን 20,000 ዶላር ሲገባ አበዳሪው ምንጩን መጠየቁ አይቀርም። ያን ጊዜ «ከዘመድ የተሰጠ ስጦታ ነው በል» የሚል መካሪ አይጠፋም። ከአበዳሪዎች ብድር የሚገዛው ፋኒ ሜይ ግን በመመሪያው የጋራ ቁጠባን ለቅድመ ክፍያ ይቀበላል። የሚፈልገው አመልካቹ በየጊዜው ማዋጣቱን የሚያሳይ ማስረጃና የሰብሳቢውን የጽሑፍ ማረጋገጫ ነው። የኤፍ ኤች ኤ ደንብም የቁጠባ ማኅበራትን በስም ጠቅሶ ያስተናግዳል። በሕጋዊው በር መግባት የሚቻለውን ገንዘብ በሐሰት ወረቀት የምናስገባበት ምክንያት የለም፤ በብድር ማመልከቻ ላይ አውቆ መዋሸት የፌደራል ወንጀል ነውና።

ያው የፋኒ ሜይ መመሪያ ሌላም ነገር ይላል፤ ወደፊት የሚከፈለው መዋጮ ከዕዳ ጋር ይቆጠራል። ብዙ ሰው የሚሸሸው ይህን ነው። «ዕቁብ ቁጠባ እንጂ ዕዳ አይደለም» የሚል ክርክርም ይነሳል። ክርክሩ እውነት የሚሆነው ዕጣው እስኪወጣ ድረስ ነው። ሃያ ሰው በወር 1,000 ዶላር በሚጥልበት ዕቁብ በአራተኛው ወር የደረሰው ሰው ከተቀበለው 20,000 ውስጥ የራሱ 4,000 ብቻ ነው። 16,000ው የጓደኞቹ ብድር ነው። 8,000 ዶላር ለሚያገኘው ቤተሰባችን የወሩ መዋጮ ከገቢው 12.5 በመቶ ይወስዳል። በመጨረሻው ወር የደረሰው ግን ቁጠባውን ይዞ ይወጣል፤ የሚጠይቀውም የለም።

ስለዚህ የለመድነው ምኞት ይገልበጥ። ቤት ሊገዛ ያሰበ ሰው የመጀመሪያውን ዕጣ ሳይሆን የመጨረሻውን ይመኝ፤ ቀድሞ ከደረሰውም ዕቁቡ ሲያልቅ ወይም ሊያልቅ ሲቃረብ ያመልክት። ደብቆ የገዛ ሰው የቤቱንም የዕቁቡንም ክፍያ በአንድ ትከሻ ይሸከማል። ሥራ የቀነሰ ቀን ቀድሞ የሚቀረው ዕቁቡ ነው፤ ባንኩ ቤቱን በመያዣ ይዟል፣ ዕቁቡ የያዘው ዋስ ብቻ ነው። ያን ጊዜ የሚከፍለው ያመነው ዋሱ ነው።

የዕቁብ ዳኞችና ጸሐፊዎችም ድርሻ አላቸው። መዋጮው በባንክ ይተላለፍ፣ መዝገቡ በአግባቡ ይያዝ፣ ለሚጠይቅ አባል ማረጋገጫ ይሰጥ። ከኛው መካከል የወጡ ሎን ኦፊሰሮች ደግሞ «ዕቁቡን አታንሳው» ማለታቸውን ትተው ደንበኛቸውን አስቀድመው ዕቁብ እንዳለበት ይጠይቁት። ለእናት በየወሩ የሚላከውን ገንዘብ የትኛውም ስሌት ላያካትተው ይችላል፤ እሱን ራሳችን እንቁጠረው። አበዳሪው የሚፈቅደው ብድር የእሱን ሒሳብ ያሟላ እንደሆነ ነው የሚነግረን፤ የእኛን ሒሳብ ከእኛ በቀር የሚሠራው የለም።