ነቢይን ጕድጓድ ስለሚጥሉ ሰዎች

ነቢይ በገዛ አገሩ አይከበርም ሲባል እንሰማለን። ብዙዎች ይህን የሚናገሩት እንደ ክረምት ዝናብ የማይቀር የተፈጥሮ ሕግ አስመስለው ነው። ለወቀሳ የተሰጠንን ቃል ለማመካኛ አዋልነው። እኔ ይህን ማመካኛ አልቀበልም። ነቢዩን ጕድጓድ የሚጥሉት እጅና እግር ያላቸው ሰዎች ናቸው። ለዚህም የኤርምያስን ታሪክ ምስክር አድርጌ አቀርባለሁ።

ኤርምያስ በኢየሩሳሌም 40 ዓመት ያህል አስተማረ። በንጉሡ በኢዮአቄም ዘመን ትንቢቱ የተጻፈበት ክርታስ ሲነበብ፥ ንጉሡ በካራ እየቈረጠ በፊቱ ከሚነደው እሳት ጨመረው። ኤርምያስ ግን እንደ ገና አጻፈው፥ ሌላም ቃል ጨመረበት። ቈይቶ የባቢሎን ሠራዊት ከተማዪቱን በከበበ ጊዜ፥ እጅ መስጠት እንደሚሻል ስለ ተናገረ መኳንንቱ የወታደሩን ልብ ያደክማል፥ ለሕዝቡም ክፋትን ይመኛል ብለው ከሰሱት። በገመድም አውርደው ውሃ በሌለው፥ ጭቃ ብቻ ባለበት ጕድጓድ ጣሉት። ወጣቶች ሆይ፥ ክሱን ልብ በሉ። የነገሩን እውነትነት የመረመረ አንድም ከሳሽ አልነበረም።

በዚያው ዘመን ሐናንያ የሚባል ሰው የባቢሎን ቀንበር በሁለት ዓመት ውስጥ ይሰበራል ብሎ ተንብዮ ነበር። ሐናንያን ግን ጕድጓድ የጣለው የለም። የጮኸ ሁሉ ነቢይ አይደለምና፥ ለመለየት ስትፈልጉ አስቀድማችሁ ቃሉ ለተናጋሪው ምን እንደሚያስገኝለት ጠይቁ። ኤርምያስ ያተረፈው ጭቃውን ነው።

ከመኳንንቱ ጥላቻ ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ የንጉሡ የሴዴቅያስ ነገር ነው። ሴዴቅያስ ነቢዩን በስውር እያስጠራ ይጠይቀው ነበር፤ የተነጋገሩትንም ለማንም እንዳይገልጥ አስጠነቀቀው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይህ ነው። ባያምነው ኖሮ ባላስጠራውም ነበር። እንግዲህ ነቢይን የሚጥል ሕዝብ የነፍሱ ደዌ ይህ ነው፤ በጓዳ ያመነውን በአደባባይ ለመመስከር መፍራት። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ587 ዓመት ገደማ ከተማዪቱ ተቃጠለች፤ ሴዴቅያስም ልጆቹ በፊቱ ከታረዱ በኋላ ዓይኑ ጠፍቶ በሰንሰለት ታስሮ ወደ ባቢሎን ተወሰደ። ከጥፋቱ የተረፉትም ትንቢቱ ሲፈጸም በዓይናቸው ካዩ በኋላ እንኳ ኤርምያስን ምክር ጠይቀው፥ መልሱ ደስ ባላሰኛቸው ጊዜ ውሸታም አሉት።

በዚያ ሁሉ መካከል አንድ ሰው ተገኘ፤ የቤተ መንግሥቱ ጃንደረባ፥ ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ። በባዕድ አገር የሚኖር አገልጋይ ሲሆን፥ ንጉሡ በብንያም በር ተቀምጦ ሳለ ቀርቦ በነቢዩ ላይ የተደረገው ክፉ ነው አለ። ሲፈቀድለትም ሰዎች ይዞ ሄደ፤ ገመዱ የነቢዩን ብብት እንዳይቈርጠው ከዕቃ ቤት አሮጌ ጨርቅ ፈልጎ አወረደለት።

እኛ በአቤሜሌክ ስም እንመካለን፤ 66 ዓመት እንደ ተኛም ከተረፈ ባሮክ እንተርካለን። ነገር ግን በመሥሪያ ቤታችን፥ በትምህርት ቤታችን፥ በዕድራችን ጕድለትን የሚናገር ሰው ሲነሣ የምንሰለፈው ከማን ጋራ ነው? ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ብለን ዝም የምንል እኛ አይደለንምን? ሲሞት ደግሞ አልቃሹም እኛ፥ አወዳሹም እኛ ነን።

ወጣቶች ሆይ፥ ነቢይ ሁኑ አልላችሁም፤ ያ ጸጋ በፈቃድ አይገኝም። ገመድና አሮጌ ጨርቅ ግን ከማናቸውም ቤት አይጠፋም። በልባችሁ ያመናችሁበትን እውነት ሰው በተሰበሰበበት መስክሩለት፤ የተናገረውንም ሰው ገና በጭቃው ውስጥ ሳለ፥ በሕይወቱ፥ ድረሱለት።